ክርክር፦ የራስና የአንገት ነርቭ ለመማር ጠያቂ ያጣ ሰው አካል ይቀመጥ?

አወያይ፦
ሰላም ቤቶች። አስከሬን እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን የቆየ የሰው ራስና አንገት ፎቶ እዚህ ተለጥፎ ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ፎቶውን አንስተነዋል። ጥያቄው ግን አለ። በአገራችን ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለማስተማሪያ የሚውለው አስከሬን በአብዛኛው የጠያቂ አልባ ሰው ነው። በሕይወት ሳለ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ራስና አንገቱ ተለይቶ፣ ነርቮቹ አንድ በአንድ ወጥተው ለዓመታት ይቀመጣል። ይቀጥል ወይስ ይቁም? ስድብ የለም። ፎቶም የለም።

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
ቀዶ ሕክምና እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ፤ ይቀጥል ባይ ነኝ። ምክንያቴ እንቅርት ነው። በደጋው አገራችን አዮዲን ስለሚያንስ የእንቅርት ኦፕራሲዮን የዕለት ሥራችን ነው። ከእጢው ጀርባ ሪከረንት ላሪንጂያል የሚባል ቀጭን ነርቭ ያልፋል። ድምፅ የሚያወጣልን እሱ ነው። መንገዱ ጉደኛ ነው። ከአንጎል በሚወርደው በቬገስ ነርቭ ውስጥ ሆኖ ወደ ደረት ይወርድና በግራ በኩል ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ በአኦርታ ቅስት ሥር፣ በቀኝ በኩል ወደ ክንድ በሚሄደው በሰብክሌቪያን የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ወደ አንገት ይመለሳል። ከመቶ አንድ በማይሞላ ሰው ላይ ደግሞ የቀኙ ጭራሽ አይዞርም፤ በቀጥታ ይመጣል። አንዱ ከተቆረጠ በሽተኛው ድምፁ ይሻክራል። ሁለቱም ከተጎዱ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

መጽሐፍ ላይ ነርቭ ቢጫ ነው፣ የደም ቧንቧ ቀይ። ሰው ላይ ግን ሁሉም ነጣ ያለ ክር ነው። ልዩነቱን ዓይን የሚለምደው በእውነተኛ አካል ላይ ብቻ ነው። በሽተኛዬ ላይ ልለማመድ?

የፒሲ ዋን ተማሪ፦
ዶክተር፣ ያሉት ልክ ነው። እኛ ሕክምና ገና የጀመርን ተማሪዎች የምናየው ግን ያንን አይደለም። አንድ አስከሬን ዙሪያ ስንት ሰው እንደሚቆም ያውቁታል። ከኋላ የቆመ የሚያየው የጓደኛውን ጋዎን ነው። ራስና አንገት ላይ ስንደርስ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት ባቾች ነርቮቹን በጣጥሰዋቸዋል። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ፌሻል ነርቭ ፊት ላይ አምስት ቅርንጫፍ አለው ተብለን ሁለቱን ነው ያገኘነው። ሦስቱን የተማርኩት ከስልኬ አፕ ነው። እንግዲህ ያ ሰውዬ ሳይቀበር የቀረው ለዚህ ነው?

ጥርስ ሐኪም፦
እኔ የታችኛውን መንጋጋ ሳደነዝዝ ነርቩን አላየውም። አጥንቱን ዳስሼ ነው መርፌውን የምልከው። ጥሩ የራስ ቅልና ጥሩ ሞዴል ለእኛ ይበቃል። ሰርጀሪ ሌላ ነው።

ታሪክ ወዳዱ፦
የሬዚደንቱ ክርክር አዲስ አይደለም። ቪየና ላይ ኤድዋርድ ፐርንኮፍ የሚባል ናዚ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ነበር። በአትላሱ፣ ማለትም በሰው አካል ሥዕል መጽሐፉ ላይ ያሉት የነርቭ ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲያጣራ፣ በናዚ ዘመን ቢያንስ 1,377 የተገደሉ ሰዎች አካል ወደ አናቶሚ ተቋሙ መግባቱ ታወቀ። መጽሐፉ መታተም ካቆመ በኋላም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሲቸግራቸው ይገልጡታል። «ይጠቅማል» ማለት ብቻውን የት እንደሚያደርስ እዩት።

ፕላስቲክ ገብቶበት ሳይበሰብስ የሚቆየው አስከሬን ጉዳይም ንጹሕ አይደለም። በኒውዮርክ በ2008 አንድ የአስከሬን ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ሲስማማ፣ ከቻይና የመጡት አካላት የተገደሉ እስረኞች አለመሆናቸውን ማረጋገጥ እንደማይችል ለተመልካች እንዲገልጽ ተገዷል።

ልዩነት አለ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ማንም አልተገደለም። እስማማለሁ። ግን እንግሊዞች በ1832 ጠያቂ የሌለው አስከሬን ለሐኪሞች ይሰጥ ብለው ሕግ ሲያወጡ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ድሃ ነው። የእኛስ ማን ነው? ዕድር ያለው ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይገኝም።

የደብር አገልጋይ፦
ይህን ነው ልል የነበረው። ፍትሐት ሳይደረስለት፣ አፈር ሳይቀምስ የቆየ ሰው ነው። ሕክምናን አልቃወምም። እኔም ኦፕራሲዮን የሆንኩ ሰው ነኝ። ግን ሳይጠየቅ?

የአዲስ ከተማ ልጅ፦
በእኛም ጀናዛ አይዘገይም። የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር ነው የሚል ሐዲስ አለ። ለትምህርት ችግር ሲሆን በቅድመ ሁኔታ የፈቀዱ ዑለማዎችም አሉ፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

የአናቶሚ መምህርት፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ አስከሬን ብዛት ነው የምታወሩት። ለራስና አንገት የሚያስፈልገው ብዛት አይደለም። አንድ ሥራ የሚያውቅ ሰው በጥንቃቄ የፈለቀቀው አንድ ስፔሲመን (ማስተማሪያ ናሙና)፣ ተማሪ ከበጣጠሰው አስር ይሻላል። ቬገሱ፣ የመተንፈሻ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒኩ፣ ምላስ የሚያንቀሳቅሰው ሃይፖግሎሳል በቦታቸው ይታያሉ። ተማሪ ያያል፤ አይቆርጥም።

እንዳይበላሽ ደግሞ ፕላስቲኔሽን አለ። ጉንተር ፎን ሃገንስ በ1977 በሃይደልበርግ የጀመረው ነው። ውሃውና ስቡ በአሴቶን ይወጣል፤ ከዚያ በቫኪዩም ሲሊኮን ይገባበታል። አይሸትም፣ ዓይን አያስለቅስም፣ በእጅ ይያዛል። ዕቃው ግን በዶላር ነው። አስከሬን ላነሰው ክፍል የውጭ ምንዛሪ ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

በሥሪ ዲ ማተሚያ የተሠራው የአካል ሞዴልስ? የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ሙሉ ስብስብ አስተዋውቋል። ጥሩ ነው። ነርቩ ግን ግትር ነው፤ ከሥጋው አይላቀቅም። ለፒሲ ዋን ይበቃል፤ ለሬዚደንት አይበቃም።

ፈቃዱን በተመለከተ ከአገልጋዩ ጋር ነኝ። ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ያወጣው ምክር በፈቃድ የተሰጠ አካል ላይ የቆመ ነው። ይቻላል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሰው ከሞተ በኋላ ብሌኑን እንዲሰጥ ያስፈርማል፤ ሰውም ይፈርማል። ታይላንድ ውስጥ አካሉን የሰጠውን ሰው ተማሪዎቹ «ታላቁ መምህር» ይሉታል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ በክብር ይሸኙታል።

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ሙሉ አካል እንደ ብሌን ቀላል አይደለም። ብሌኑ ተወስዶ ቀብሩ በዚያው ቀን ይሆናል። ሙሉ አካል ሲሆን ቤተሰብ ለቀስተኛውን ምን ብሎ ይሸኛል? ድንኳን ተጥሎ ሬሳ የለም።

የደብር አገልጋይ፦
ጊዜ ገደብ ይኑረው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ ይቀበር። የሚፈርም የሚገኘው ያኔ ነው።

የአናቶሚ መምህርት፦
አንድ ዓመት ለፕላስቲኔሽን ሥራው ራሱ ሊያንስ ይችላል፣ አባቴ። የሚፈርም ሰው «ሙሉው ይቀበር፣ ይቺ ክፍል ግን ትቅር» ብሎ መምረጥ ይችል። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ማድረግ ነው።

የፒሲ ዋን ተማሪ፦
አሁን መደርደሪያ ላይ ያሉትስ? እነሱ አልፈረሙም።

ታሪክ ወዳዱ፦
ይቀበሩ። ኦስትሪያ በ2002 በናዚ ዘመን የተገደሉ ሕፃናትን የአንጎል ናሙና ከማሰሮ አውጥታ ቪየና ላይ ቀብራለች።

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
በዚህ አልስማማም። ዛሬ ቀብረናቸው ነገ ምትክ ከየት ሊመጣ ነው? እስከዚያው እንደተባለው ባለሙያ ያዘጋጃቸው ብቻ ይቆዩ፤ አዲስ ጠያቂ አልባ አይግባ።

የአናቶሚ መምህርት፦
የተበጣጠሱት ግን አሁኑኑ ይቀበሩ። ለማንም አያስተምሩም።