«ዋን ኦፍ ፋይቭ ሲብሊንግስ» ሲባል ስንት ናቸው?

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዤ ቀረሁ። ባለታሪኳ በእንግሊዝኛ «አይ አም ዋን ኦፍ ፋይቭ ሲብሊንግስ» ትላለች። «አምስት እህትና ወንድም አሉኝ» ልበል ወይስ «አራት»? ወንዱንም ሴቷንም አንድ ላይ የሚጠራ ቃልስ አለን?

ፊደለኛ፦ ቃሉማ የለንም። «ወንድማማቾች» ስትዪ ሴቶቹ ይቀራሉ፣ «እህትማማቾች» ስትዪ ወንዶቹ። ግእዙም እኁ እና እኅት ብሎ ይለያቸዋል። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። አማርኛ እኅትን «እህት» ብሎ ሲያስቀር እኁን ለምን ጣለው? ትግርኛ እኮ ሓው እና ሓፍቲ ብሎ ሁለቱንም ይዟል። በእኁ ቦታ የገባው «ወንድም» በኔ እምነት «ወልደ እም» ነው፤ የእናት ልጅ።

ቅኔ ወዳድ፦ ወልደ እም አትበል። «ወንድ» ላይ «እም» ተጨምሮበት ነው። እስቲ «ወንድሜ» በልና ስማው፣ «ም» ይጠብቃል። የግእዙ «እም»ም ጠባቂ ነው።

ፊደለኛ፦ «ወንድ» ራሱ ከየት መጣና? ከወልድ ነዋ! ዞረህ እኔው ጋ መጣህ።

የኔታ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። የእናት ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ወንድም የሚባልበት የግሪኩ አዴልፎስም ሥሩ «ከአንድ ማኅፀን» ማለት ነው። ደግሞ መልእክታት በግእዝ ሲነበቡ «አኀዊነ» (ወንድሞቻችን) የሚለው ሴቶቹን አስቀርቶ አይደለም።

ሰዋስው፦ የኔታ እንዳሉት ከሆነ «አኀው»ን ለሁለቱም ብናነሳውስ? እንግሊዞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሲብሊንግ ጥንት ዘመድ ማለት ነበር። ከአፍ ጠፍቶ ከርሞ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው ምሁራን ለዛሬው ትርጉሙ መልሰው ያነሱት።

ቅኔ ወዳድ፦ ቤት ውስጥ «አኀው» የሚል ማን አለ? ሕያው ቃል አለን፤ «የእናቴ ልጅ»። ፆታም አይለይም።

ፊደለኛ፦ ባባት ብቻ የሚገናኙትስ?

ቅኔ ወዳድ፦ እነሱንማ «ያባቴ ልጅ» ብለን ለይተን እንጠራ የለ? ይኸው፣ ለእም ሌላ ማስረጃ!

ተርጓሚዋ፦ ኧረ ጥያቄዬ! አራት ነው አምስት?

ሰዋስው፦ አራት። «ዋን ኦፍ ፋይቭ» ስትል ራሷም ከአምስቱ አንዷ ናት። «አይ ሃቭ ፋይቭ ሲብሊንግስ» ብትል ነበር ከራሷ ጋር ስድስት የሚሆኑት። ቁጥሩን መቀየር ካልፈለግሽ «እኔን ጨምሮ አምስት ነን» በያት።

ተርጓሚዋ፦ ተባረክ! «አምስት ነን» ብዬ እጽፈዋለሁ።

ቅኔ ወዳድ፦ ፊደለኛ፣ እኁ የወደቀው «ኅ» እየሳሳ ሲሄድ የሚይዘው ስላጣ ይመስለኛል። እኅትን «ት» ደግፋ አቆየቻት።

ፊደለኛ፦ «እህት» ላይ «ህ» እስከ ዛሬ ይሰማል እኮ! የቱ ጋ ነው የሳሳው?

ቅኔ ወዳድ፦ «ት» ስላለች ነው የሚሰማው፤ እሱን ነው የምልህ።

የኔታ፦ ሁለታችሁም መጀመሪያ የአናባቢውን ለውጥ ተመልከቱ። ቃል በአንድ ፊደል ብቻ አይወድቅም።