ድሮን ማታ ማብረር፦ ፈቃዱና መብራቱ

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 249 ግራም የምትመዝን ድሮን አለችኝ። ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን የመንገድ መብራት ማታ ከላይ መቅረጽ በጣም ነው የምፈልገው። ግን ሕጋዊ ሆኜ፣ በደንብ እየታየሁ። ምን ላሟላ? ምን ዓይነት መብራት ልግጠም?

ካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ መብራቱ ይቆይህ፤ መጀመሪያ ፈቃዱ። እዚህ አገር ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይበርም። «ትንሽ ናት» ማለት አያዋጣም። የመረጥከው መስመር ደግሞ ከባድ ነው። ቤተ መንግሥቱም ፓርላማውም እዚያው ናቸው፤ ቦሌ ኤርፖርትም ቅርብ ነው። እኔ ብሆን ሌላ ቦታ ነው የምጠይቀው።

አብራሪው፦
ስለ መብራቱ ልጨምር። ድሮኗ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች አይበቁም። አሜሪካ ውስጥ ማታ ለማብረር ከ3 ማይል፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ርቀት፣ የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግዴታ ነው። አውሮፓ አረንጓዴ ይጠይቃሉ። አንተም እንደዚያ ያለ ጠንካራ መብራት ከላይ ለጥፍ፤ ካሜራው ፊት ከሆነ ምስሉን ያበላሽብሃል። ክብደቷ ግን ብዙ አገር የትንሽ ድሮን ወሰን ከሆነው 250 ግራም እንደሚያልፍ እወቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የድሮን ካሜራ ሴንሰሮች ጨለማ ውስጥ እንቅፋት አያዩም። መሃል ከተማ ደግሞ ክሬኑና የኤሌክትሪክ ሽቦው ብዙ ነው። ቦታውን ቀን ሂድና እየው። የመመለሻ ከፍታዋን፣ ማለትም በራሷ ወደ አንተ ስትመለስ የምትበርበትን ከፍታ፣ ከረጅሙ ክሬን በላይ አድርግ። ከዓይንህም አትራቅ።

የፒያሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ የፈቃዱን ነገር እጀምራለሁ፤ እስከዚያ አትነሳም።