የኒሼል ኒኮልስ «የስንብት ፊርማ» ያለበት ፎቶ፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጠፈርተኛው
ሰላም ለሁላችሁ። ስታር ትሬክ በሚባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ላይ ኡሁራን ሆና የተጫወተችው የኒሼል ኒኮልስ ፊርማ አለበት የተባለ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ቀርቧል። መጠኑ 8 በ10 ኢንች፣ ባለቀለም፣ አብረቅራቂ ወረቀት፤ ፊርማው በጥቁር ማርከር ነው። ሻጩ «ከኮንቬንሽን (ተዋናዮች ከአድናቂዎች ጋር የሚገናኙበት ጉባኤ) ስትሰናበት፣ ማርች 2022 የፈረመችው» እያለ ከሌሎች ፊርማዎቿ እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ሰርተፍኬትና ቁጥር ያለው የሚያንጸባርቅ ተለጣፊ አለው። ነገሩ ያስኬዳል? ፊርማው በእጅ የተጻፈ መሆኑንስ በምን ልለይ? ከገዛሁት ከአሜሪካ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ነው የምልከው፤ ሳሎን ውስጥ ስለሚሰቀል እንዳይደበዝዝ ምን ይደረግ?

ሰብሳቢ77
ቀኑ አያስኬድም። የኒሼል ስንብት የተካሄደው ሎስ አንጀለስ ኮሚክ ኮን ላይ ነው፤ ከዲሴምበር 3 እስከ 5፣ 2021። የመጨረሻ ኮንቬንሽኗም እሱ ነበር፤ ጁላይ 30፣ 2022 በ89 ዓመቷ አርፋለች። ሻጩ ቀን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ግን ዋጋውን እጥፍ ያደረገው ያ ቀን ከሆነ፣ ቀኑ ሲወድቅ ዋጋውም አብሮ መውደቅ አለበት።

«ለካስ ዲሴምበር 2021 ነው» ብሎ ቢያርምልህም ወዲያው እሺ አትበል። ማርከር ቀን አይናገርም። በ2009 የተፈረመና በ2021 የተፈረመ ፎቶ በቀለሙ አይለይም። ቀንን የሚያረጋግጠው ወረቀት ብቻ ነው፤ ማለትም የፊርማ ትኬት፣ ይህንኑ ፎቶ ስትፈርም የተነሳ ምስል፣ ወይም አረጋጋጭ ድርጅቱ በቦታው ተገኝቶ በዕለቱ የመዘገበው ቁጥር። ብዙ ሰው የሚሸወደው በፎቶ ትኬት ነው። ኮንቬንሽን ላይ ከተዋናይ ጋር ፎቶ መነሳትና ማስፈረም አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ የሚሸጡ ናቸው፦ ፎቶውን ባለሙያ ያነሳል፣ ታትሞ ይሰጥሃል፣ ማስፈረም ከፈለግህ ሌላ ከፍለህ ሌላ ሰልፍ ትይዛለህ። ስለዚህ ሻጩ ከእሷ ጋር የተነሳውን ፎቶ ቢያሳይህ እዚያ መገኘቱን እንጂ ይህን ፎቶ ማስፈረሙን አያረጋግጥም።

ተለጣፊውን በተመለከተ፣ ጄኤስኤ፣ ፒኤስኤ ወይም ቤኬት ከሚባሉት ፊርማ አረጋጋጭ ድርጅቶች የአንዱ ከሆነ ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገባ። መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተመዘገበው መግለጫ ከፎቶው ጋር መግጠም አለበት። ተለጣፊ ከርካሽ ዕቃ ተልጦ ውድ ላይ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ። ሻጩ ራሱ አትሞ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት ደግሞ እንደሌለ ቁጠረው።

ባለ_ሌንሱ
የተጻፈ ይሁን የታተመ ለመለየት 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ይበቃሃል። የታተመ ፊርማ ውስጥ እንደ ፎቶው ሁሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የፎቶ ላብራቶሪ ወረቀት ከሆነ ነጠብጣብ ስለማይኖር በብርሃን ፈትነው። ፎቶውን ወደ መብራት አዘንብለህ እይ፦ ማርከር ከወረቀቱ አንጸባራቂነት ተለይቶ ከላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሻርፒ የሚባለው ጥቁር ማርከር ወደ ነሐስ ወይም ሐምራዊ የሚያደላ ነጸብራቅ አለው። የታተመው ግን ከፎቶው ጋር አንድ ሆኖ ያብረቀርቃል።

በማሽን የተፈረመ ከሆነ የመስመሩ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ መነሻና መድረሻውም እንደ ነጥብ ደነዝ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ካሉት ፊርማዎቿ ጋር ኮምፒዩተር ላይ ደርበው። ከአንዱ ጋር ልክ ልኩን ከገጠመ ተወው፤ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም።

ከባዱ በእጅ የተመሳሰለው ነው። አስመሳይ ቀስ ብሎ ስለሚስል መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መሃል ላይ ብዕር የተነሳበት ቦታ ይታያል። ችግሩ የሽማግሌ እጅም ይንቀጠቀጣል። ኒሼል በ2015 ቀላል ስትሮክ ደርሶባታል፤ የመርሳት ሕመሟም በ2018 ታውቋል። ስለዚህ በ1990ዎቹ ከነበረው ፊርማዋ ጋር አታነጻጽረው። ከ2015 በኋላ በምስክር ፊት የፈረመቻቸውን ፈልግ፤ እዚያም ፍጥነቱን እንጂ ቅርጹን አትይ።

ይቺ ለሌላ ጊዜ ትጠቅምሃለች፦ «በ1970ዎቹ የተፈረመ» የሚባል ፎቶ ከገጠመህ ጀርባውን ገልብጥ። ፉጂ ክሪስታል አርካይቭ የሚል ጽሑፍ ካለው ያ ወረቀት ከ1990ዎቹ በፊት ገበያ ላይ አልነበረም።

ጠፈርተኛው
አመሰግናለሁ። ቀኑን ስነግረው «ኮንቬንሽን ሳይሆን በግል የተፈረመ ነው» አለኝ።

ሰብሳቢ77
ታሪኩ ሲጠየቅ የሚቀየር ከሆነ መልሱን አግኝተሃል። ኮንቬንሽን ያቆሙ ተዋናዮች በግል መፈረማቸው ያለ ነገር ነው፤ ዕቃው በወኪል በኩል ይላክና ተፈርሞ ይመለሳል። ያኔ ግን የትዕዛዝ ደረሰኝ ይኖራል። ያንን ጠይቀው፤ ከሌለ የስንብት ፊርማ ሳይሆን ተራ ፊርማ ነው፣ እሱም ከተረጋገጠ።

ብርሃኑ_ፍሬም
ስለ አሰቃቀሉ ልመልስ። ማርከርን የሚያጠፋው ብርሃን ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ የባሰች ናት። አልትራቫዮሌት የሚያግድ አክሪሊክ (እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ) እዚያው አሜሪካ ገዝተህ ላክ፤ መንገድ ላይም እንደ መስታወት አይሰበርም። ግን የሚታየውም ብርሃን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ በማትደርስበት፣ ለምሳሌ ራሱ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

11 በ14 ኢንች ፍሬም ውሰድና በፎቶውና በአክሪሊኩ መካከል አሲድ አልባ ካርቶን ክፈፍ አስገባ። ተራ ፍሬም ቤት ፎቶውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከጀርባ በፕላስተር ይጠርዘዋል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባ የፎቶው ገጽ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ፊርማው ይላጣል። ማዕዘኖቹን ለፎቶ በተሠራ የማዕዘን መያዣ ያዝ፣ ሙጫ አይንካው። ላሚኔት ማድረግማ ፈጽሞ።

ለእኔ ግን በ600 ዲፒአይ ጥራት ስካን አድርገህ ግልባጩን ስቀል፤ ዋናው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት እንዳትጠቀም፣ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ይስባል።

ጠፈርተኛው
ደረሰኝ የለኝም አለ፤ ፎቶውን አዘንብሎ ቪዲዮ እንዲልክልኝም ጠየቅኩት፣ እምቢ ብሏል። ትቼዋለሁ። ቁጥሩ ከመግለጫው ጋር የሚገጥም፣ ስለ ስንብት ምንም የማይል ሌላ ፎቶ በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ።

ባለ_ሌንሱ
እሱን ያዝ። ሲደርስህ በ10 ሌንሱ እስክታየው ድረስ ግን ገንዘብ የማስመለሻ ቀነ ገደቡ እንዳያልፍብህ።