ሌባ የሚባለው ድሃ ብቻ ነው እንዴ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንድ ልጅ ከጆንያ ድንች ሲያወጣ ተያዘ። ቢበዛ አሥር ዓመቱ ነው። የለበሰው የአዋቂ ጃኬት፣ እጁ በብርድ የተሰነጣጠቀ። አራት ድንች! ሰዉ "ሌባ!" ብሎ ጎተተው። ባለጆንያው ግን ሚዛን እንደሚቀሽብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ አንድ ኪሎ ብዬ የገዛሁትን ቤት ስመዝነው 800 ግራም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እሱን "ጎበዝ ነጋዴ" ነው የምንለው። ሶሺዮሎጂ የተማራችሁ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?

የጣርማበር ልጅ፦
አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 የጻፈውን እይ። ማኅበረሰቡ ሁሉንም "ሀብታም ሁን" ይላል፤ መንገዱን ግን ለሁሉም አይከፍትም። መንገድ የተዘጋበት አንዳንዱ አቋራጭ ይፈልጋል።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ባለሚዛኑስ? እሱ ምን ተዘጋበት?

የጣርማበር ልጅ፦
እዚህ ጋ መርተን ብቻውን አይበቃም። ሌላው ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከበረ ሰው በሥራው በኩል የሚፈጽመውን ወንጀል "የነጭ ኮሌታ ወንጀል" ያለው ለዚህ ነው። የፖሊስ መዝገብ የሚያሳየው የተያዘውን ነው። ባለኮሌታው ሲያጠፋ ብዙ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ወይ በገንዘብ ቅጣት ያልፋል።

ጋሼ ከመንዝ፦
እኛ ዘንድ በግ የሰረቀ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ድንበር የገፋው ግን በሽማግሌ ታርቆ ጠላ ይጠጣል። ለመሆኑ ልጁ ምን ሆነ?

ጠያቂ፦
አንዲት እናት ከፍለው አስለቀቁት፣ ጋሼ። ድንቹ የተመዘነው በዚያው ሚዛን ነው።