ከማሻሻያው በኋላ አፐርቸር አልከፈት አለኝ

ኮምፒውተሬ የ2012 ማክቡክ ፕሮ ነው። ባለፈው ሳምንት የማክ ሥርዓቱን ከሞሃቪ ወደ ቀጣዩ ስሪት ወደ ካታሊና አሳደግሁት። በማግስቱ የአፐርቸር (የአፕል የፎቶ ማደራጃና ማረሚያ ፕሮግራም) ምልክት ላይ የተሰረዘ ክብ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ስከፍተው ከዚህ ሥርዓት ጋር እንደማይሠራ ይነግረኛል። ያለኝ 3.6 ነው። የመጨረሻው ስሪት ስለሆነ ሌላ ማሻሻያ አልጠብቅም።

ፎቶዎቹ አልጠፉም። አፐርቸር ፎቶዎቹን የሚያስቀምጥበትን የስብስብ ፋይል ይዘት ከፍቼ ማስተርስ በሚለው አቃፊ ውስጥ 11 ሺህ ያህል ዋና ፎቶዎች አግኝቻለሁ። የጠፋብኝ ሥራዬ ነው። አፐርቸር እርማቱን በዋናው ፎቶ ላይ ሳይሆን ለብቻው ስለሚመዘግብ፣ ያገኘኋቸው ሁሉ እርማት ያልነካቸው ናቸው። ከመካከላቸው የአባቴ የወታደርነት ፎቶ አለ፤ ለዓመታት ታጥፎ ስለኖረ ስንጥቁ በግራ ዓይኑ ላይ ያልፋል። ያንን መስመር ነጥብ በነጥብ ለማጥፋት ሦስት ምሽት ፈጅቶብኝ ነበር። አሁን መስመሩ ተመልሶ ዓይኑ ላይ አለ። ፕሪቪውስ በሚለው አቃፊ ውስጥ የታረመው ቅጂ ቢኖርም፣ መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለማተም አይበቃም።

አፐርቸርን ከግዢ ዝርዝሬ እንደገና ለማውረድ ሞከርሁ፤ አልተቻለም። ስብስቡን ከማክ ጋር ወደሚመጣው የፎቶ ፕሮግራም ወደ ፎቶስ ላስገባ ብዬም ሁለት ጊዜ መሀል ላይ ቆመብኝ። ከማሻሻያው በፊት የታይም ማሽን (የማክ የመጠባበቂያ ፕሮግራም) ቅጂ አልያዝሁም፤ ስብስቡን ግን ምንም ሳልነካ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

500 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ የውጭ ዲስክ በእጄ አለ። ሞሃቪን በእሱ ላይ ጭኜ ኮምፒውተሩን ከዚያ ባስነሳው፣ አፐርቸር ስብስቡን ከነእርማቱ ይከፍትልኛል?