ፓምፑ ከሞላንለት በላይ እየለቀቀ ነው፤ ከየት ላስተካክለው?

ሰላም ለሁላችሁ። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በእርዳታ የመጣ ኢንፊውዥን ፓምፕ (መድኃኒት በደም ሥር በተሞላለት ፍጥነት የሚሰጥ መሣሪያ) ደርሶናል፤ ማንዋልም የራሱ አይቪ ሴትም (ፈሳሹ የሚያልፍበት ቱቦ) የለውም። ገበያ ላይ የሚገኘውን ተራ አይቪ ሴት ነው የምናስገባበት።

የፈለግነው ለዶፓሚን (የወረደ የደም ግፊት ከፍ ለማድረግ የሚሰጥ መድኃኒት) ነው። ስሌቱ አላስቸገረኝም። 400 ሚሊግራም በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲበጠበጥ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 800 ማይክሮግራም ይይዛል። ታካሚው 60 ኪሎ ሆኖ በኪሎ በደቂቃ 5 ማይክሮግራም ከታዘዘለት፣ 5 × 60 (ኪሎ) × 60 (ደቂቃ) ÷ 800 = 22.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው።

ሰው ላይ ከማድረጌ በፊት ግን በባዶ ሳላይን ሞከርኩት። በሰዓት 100 ብዬ ሞላሁና የቱቦውን ጫፍ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ከተትኩ። ሰዓቱ ሲሞላ ስክሪኑ 100 ይላል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን ወደ 130 ይጠጋል። አየሩን አስወጥቼ፣ ሴቱን በአዲስ ቀይሬ ደገምኩት። ያው ነው። ለዶፓሚን ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ 5 የታዘዘለት ሰው 6.5 ያገኛል ማለት ነው።

ሜኑው ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ተብሎ ተሞልቷል። የሴቱ ማሸጊያ ላይ ግን 15 ይላል። 20 ለ15 ሲካፈል 1.33 ስለሚመጣና ይህም ሲሊንደሩ ውስጥ ካገኘሁት ጋር ስለሚቀራረብ ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ፓምፑ ጠብታ የሚቆጥር ክሊፕ ቢኖረውም፣ ቱቦውን እየጨመቀ ነው የሚገፋው፤ የቱቦው ውፍረትም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ባዮሜዲካል ባለሙያ በቅርብ የለንም። ለጊዜው አንድ ሚሊ ሊትሩ 60 ጠብታ በሆነ ማይክሮ ሴት፣ በእጅ እየቆጠርን ነው የምንሰጠው።

እንዲህ ዓይነት ፓምፕ የምታውቁ፣ 20ውን ወደ 15 መቀየር ብቻ ይበቃል ወይስ ፓምፑ ለዚህ ሴት እንደገና ካሊብሬት መደረግ (ልኬቱ መስተካከል) አለበት?