ክርክር፦ ሃያ አራቱም ቤቶች አንድ ዓይነት ቲቪ ቦክስ በጋራ እንግዛ?

ሰብሳቢው፦ እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶች። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የተነሣውን ጉዳይ ሁሉም እንዲናገርበት ወደዚህ የመልእክት ግሩፓችን አምጥቼዋለሁ። አንድ ነጋዴ ለሕንፃችን 24 ቤቶች ቲቪ ቦክስ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ በኢንተርኔት ቻናልና ፊልም የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን፣ በጅምላ ዋጋ ላቅርብ ብሎናል። በነጠላ ከሚሸጥበት ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ ስድስት ሺህ ቻናል ተጭኖበታል ይላል። አንዱን ለናሙና ሰጥቶኝ ቤቴ ተቀምጧል፤ ገና አልከፈትኩትም። እኔ እንግዛ ባይ ነኝ። ጣራው ላይ እንደ እንጉዳይ የበቀለውን ዲሽ ሁሉ አውርደን እናርፍ።

የምድር ቤቷ እናት፦ ዲሼን ማንም እንዳይነካብኝ። ኢትዮሳት ላይ የሀገሬን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ አያለሁ፤ የአሚኮን ዜና ሰምቼ እተኛለሁ፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀኝ የለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግማሻችሁ ምሽት ምሽት የምትሰበሰቡት እኔ ሳሎን ነበር። ረሳችሁት እንዴ?

ባለ ካፌው፦ አልረሳንም እትዬ፤ ቡናዎንም አልረሳንም። ግን ሐምሌ ላይ ከጣና በኩል ያ ጥቁር ደመና መጥቶ ዝናቡን ሲለቀው የእርስዎ ዲሽ ነው "ሲግናል የለም" የሚለው። እኔ እንግዛ ባይ ነኝ። ይህንኑ የመሰለ ሳጥን ካፌዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ኳሱም ፊልሙም ይመጣል። ስም ያለው ዕቃ ይሻላል የምትሉ ዋጋውን ጠይቁ። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንኳን ሊገዙት ሲያዩትም ያስደነግጣል።

ጠጋኙ፦ ጋሼ ሰብሳቢ፣ በአክብሮት ተቃዋሚ ነኝ። ነጋዴውን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቲቪ ቦክሱን የሚያውቀው ድንች ሻጭ ድንቹን በሚያውቀው መጠን ነው፤ ውስጡ የበሰበሰ መኖሩን ከገዢው እኩል ነው የሚያየው።

ባለፈው ዓመት ደንበኛ አምጥቶልኝ አንዱን ፈታሁት። ቅርፊቱ ላይ "4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ" ተጽፏል፤ ሰሌዳው ላይ ያገኘሁት 2 ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ግን 4 ይላችኋል፤ ሶፍትዌሩም እንዲዋሽ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን ያህሉን እንኳ ይቅር ብለን እንለፈው፤ ሳጥኑ ቢንቀራፈፍ ትዕግሥት አለን። የባሰው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ "ባድቦክስ 2.0" ስለተባለ ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ተንኮለኛው ፕሮግራም ሳጥኑ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የተጫነ ነው፤ ካልሆነም መጀመሪያ ሲዘጋጅ አውርዱ በሚባለው መተግበሪያ በኩል ይገባል። በሚቀጥለው ወር ጎግል በዚሁ ጉዳይ ክስ መሠረተ፤ የተጠቁት መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው አለ። አብዛኞቹ ደግሞ ይህን የመሰሉ ስም የለሽ የአንድሮይድ ዕቃዎች ናቸው።

እና ምን ያደርገናል ትሉኝ ይሆናል። ሳጥኑ ቴሌቪዥን እያሳያችሁ ከጀርባ የኢንተርኔት መስመራችሁን ለማታውቁት ሰው ያከራያል። ያ ሰው በእናንተ መስመር በኩል ወጥቶ ማጭበርበሩን ይሠራል፤ ዱካው የሚገኘው ግን በእናንተ ደጃፍ ነው። ሳጥኑ የተገናኘው ደግሞ የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልካችሁ ከሚገናኝበት ዋይፋይ ጋር ነው። ኤፍቢአይ ከዘረዘራቸው ምልክቶች ሁለቱን ልንገራችሁ፦ አንደኛ፣ የሚከፈልበትን ሁሉ በነፃ አሳያለሁ ማለቱ። ሁለተኛ፣ ጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን መከላከያ አጥፉ ብሎ መጠየቁ።

ባለ ካፌው፦ ስም ያለውስ ስንት ዓመት ሊያኖረን ነው? እ.ኤ.አ. በማርች 2025 እህቴ ቤት የነበረው ክሮምካስት፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጎግል ዕቃ፣ አንድ ቀን ጠዋት አልሠራም አለ። የሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ያኔ የዚህ ሞዴል ባለቤት የሆነ ሁሉ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ችግር ደርሶበታል። ምክንያቱ ሲጣራ ኩባንያው በውስጡ ያስቀመጠው ዲጂታል የምስክር ወረቀት፣ ማለትም የዕቃው መታወቂያ፣ ጊዜው አልፎበት ነው። ጭራሽ ክሮምካስት የሚባለውን ምርት እ.ኤ.አ. በ2024 አቁመውታል። የእኔ ስም የለሽ ሳጥን በዚያ ሰሞንም ኳስ ያሳይ ነበር።

ጠጋኙ፦ እውነት ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ያ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ አሥር ዓመት አገልግሎ ሲበላሽ ጎግል በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ላከለት። የእርስዎ ሳጥን ነገ ቢበላሽ ማስተካከያውን የሚልክልዎ ማን ነው? የፋብሪካውን ስም ቢነግሩኝ ውለታዬን በኪሎ ዓሣ እከፍላለሁ።

ባለ ካፌው፦ ዓሣው ይቆየን።

የሦስተኛ ፎቁ ጠበቃ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ሁሉ ቻናል በነፃ የሚመጣው ባለቤቱ ፈቅዶ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ። ጎረቤቴ ሳሎኑ ውስጥ የሚያየውን ማንም መጥቶ አይቆጥርበትም ይሆናል። የነዋሪዎች ማኅበር በቃለ ጉባኤ ወስኖ፣ በማኅተሙ አስደግፎ፣ 24 ሲገዛ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ እኔ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዧ፦ ስለ ሳጥኑ ዋጋ ብቻ የምታወሩት ለምንድን ነው? ወጪው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ ባወጣው ስሌት ፊልም በተራ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ ባይት ይበላል፤ በኤችዲ እስከ 3፤ ከዚያ በላቀው በፎር ኬ ጥራት እስከ 7። አንድ ቤት በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢያይ በወር 60፣ 180 ወይም 420 ጊጋ ባይት ማለት ነው። በስልክ ጥቅል የምትጠቀሙ ስድስት ቤቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከእናንተ አንዳችሁ እንኳ 180 ጊጋ ባይት በየወሩ ገዝታችሁ ልትዘልቁ አትችሉም። የቤት መስመር ያላችሁም ፍጥነቱን በቀን አትለኩት፤ ሁሉም ሰው ከሥራ ገብቶ ሲከፍት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለኩት። ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለፎር ኬ 15 ያስፈልጋል ይላሉ። የእኔ ቤት በዚያ ሰዓት 4 ነው። ታዲያ የፎር ኬ ሳጥን ገዝቼ ምን ላደርገው ነው?

የፖሊ ተማሪው፦ እህታችን ትክክል ናት። እንዲያውም ከዚያም በፊት የቴሌቪዥናችሁን ሪሞት እዩ፤ የዩቲዩብ ምልክት ካለበት ሳጥኑ ውስጡ አለ፤ ምንም አትግዙ። አሮጌ ቴሌቪዥን ያላችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ።

መግዛት ካለባችሁ እኔ የምመርጠው ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ የሚባለው የጎግል ሶፍትዌር በሕጋዊ ፈቃድ የተጫነበትን ነው፤ የሺያኦሚ ትንንሾቹ ይበቃሉ። ፈቃድ የሌለው ላይ ኔትፍሊክስ ቢከፈትም ከተራ ጥራት በላይ አይሰጣችሁም፤ ሳጥኑ "8 ኬ" ተብሎ ቢጻፍበትም እንኳ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ የአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ፣ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ፣ ክፉ አይደለም፤ ዩቲዩብም ሁለቱ ኩባንያዎች ተጣልተው ከታረቁበት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመልሶበታል። ነገር ግን የጎግል የመተግበሪያ መደብር የለውም። ሮኩ የሚባለው ሌላው ሳጥን ለአሜሪካ ተመልካች የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ላይ ይሰፋል። የአፕል ኩባንያ ሳጥን አፕል ቲቪ በአይፎን ለሚኖር ሰው ነው፤ በዚህ ሕንፃ ማን እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ስሙን አልጠራም።

ቤታችሁ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር። ስቲኩን ኃይል ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ቀዳዳ አትስጡት፤ ብዙ ጊዜ ያ ቀዳዳ ግማሽ አምፔር ብቻ ይሰጣል፤ ዕቃው እየጠፋ እየበራ ያስቸግራችሁና "ተበላሸ" ብላችሁ ወደ ጠጋኛችን ትሮጣላችሁ። የራሱን ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰኩለት። ለእናቶች ደግሞ በሪሞት ፊደል መልቀም ስቃይ ነው፤ በስልክ ላይ በአማርኛ ጽፈው ድራማውን ካገኙት በኋላ ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ ይቻላል። ለእትዬ እኔ መጥቼ አሳያቸዋለሁ።

የምድር ቤቷ እናት፦ መጥተህ ስታሳየኝ ዲሹን እንዳትነካው እንጂ ና፤ ምሳ አለ።

ጠጋኙ፦ ተማሪው ስለ ቻርጀሩ ያለውን እመሰክራለሁ። ከሚመጡልኝ ስቲኮች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ኃይል አንሷቸው ነው። ለዚያ ገንዘብ መቀበል አፍራለሁ፤ እቀበላለሁ ግን።

ባለ ካፌው፦ እሺ፣ ሁላችሁም ዐዋቂ ናችሁ። እኔ ግን የማየው ይህን ነው፦ ድሀው ቤት ሕጋዊውን በወር እየከፈለ ማየት አይችልም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያስወጣ ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ኔትፍሊክስ ለኢትዮጵያ ከተከፈተ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሕንፃ የከፈለ አንድ ሰው ጥሩልኝ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ክርክሩ የሳጥን አይደለም፤ የአቅም ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልስ የለኝም። እኔ ዩቲዩብ ነው የማየው፤ የሀገር ውስጡን ድራማ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያወጡታል፤ ለእኔ ይበቃኛል። ለኳሱ ግን አንተ ካፌ እንመጣለን፤ አንተ ነህ የምታተርፈው።

ሰብሳቢው፦ ክርክሩን እያነበብኩ ናሙናውን ከፈትኩት። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። ተማሪው አጠገቤ ሆኖ ተረጎመልኝ። የመጀመሪያው መመሪያ፦ "ቻናሎቹ እንዲከፈቱ መጀመሪያ ፕሌይ ፕሮቴክትን ያጥፉ።"

ጠጋኙ፦ ዋይፋዩን አላስገባችሁለትም አይደል?

ሰብሳቢው፦ አላስገባንም። ወደ ካርቶኑ መልሼዋለሁ፤ ነገ ለነጋዴው እወስድለታለሁ። የጅምላ ግዢው ከአጀንዳ ወጥቷል፤ መግዛት የፈለገ ቤት ለራሱ ይግዛ።

ባለ ካፌው፦ እኔ ያኔ አጥፍቼው ነበር። ጠጋኙ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ካፌ ብቅ በል፤ ራውተሩንም አብረህ እይልኝ። የባንክ መተግበሪያዬ ያለው በዚያው መስመር ላይ ነው።

የምድር ቤቷ እናት፦ የዲሹስ ነገር?

ሰብሳቢው፦ ዲሹ ይቆያል እትዬ።